እርጥበትና ዝገት፦ የዕቃ ቤት ሁለቱ ሌቦች

ነገ የምንመደብባቸው ብዙዎቹ የገጠር ትምህርት ቤቶች ዶማ፣ አካፋ፣ መጋዝና የዘር ከረጢት የሚያስቀምጡት በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ነው። ወላጅ አዋጥቶ የገዛው ዕቃ በሰኔ ደህና ሆኖ ይገባል፤ በመስከረም ዝጎና ሻግቶ ይወጣል። «ጣራው እኮ አያፈስም!» እንላለን። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? እርጥበት የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ከላይ ነው። ለዚህ ከጋይንት ቤተ ልሔም እንማር። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነውን ይህን ደብር እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓከንሃም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ሲያየው፣ ከውጭ ክብ የሣር ክዳን ቤት ነበር፤ በውስጡ ግን ከድንጋይና ከእንጨት የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ነበረ። ሰፊው ክዳን ዝናቡን ከጥንታዊው ግድግዳ አርቆ ያወርደው ነበር። የዕቃ ቤታችንም የጣራ ጠርዝ ከግድግዳው ወጣ ይበል። ምስማሩም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳው ላይ አይመታ።

ሁለተኛው ከታች ነው። የአፈር ወለል ከመሬት ውሃ ይስባል። ስለዚህ ቤቱን ዙሪያውን ቦይ እንቆፍርለት። ዕቃውንም በድንጋይ ላይ በተረበረበ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገን እናስቀምጥ።

ሦስተኛው ከውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋውም ይህንኑ ነው። ሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል። በቤቱ የታፈነው እርጥብ አየር ሲነካው፣ ልክ እንደ ድስት ክዳን፣ ጠብታ ሆኖ በዕቃው ላይ ይንጠባጠባል። መድኃኒቱ ከጣራው ሥር በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ላይ የአየር መተላለፊያ ከፍቶ በወንፊት ሽቦ መሸፈን ነው። ከብትም አብሮ አይደር፤ ትንፋሹ ራሱ እርጥበት ነው። ማዳበሪያም ውሃ ስለሚስብ ከብረት አጠገብ አይቀመጥ።

ዝገት የሚመጣው ብረት ከውሃና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ከሥራ ሲመለስ ጭቃው ይጠረግ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያም ስስ ዘይት ወይም ግሪስ ይቀባ። እርጥብ ብረት ላይ ዘይት መቀባት ግን ውሃውን አፍኖ ማስቀረት ነው።

ሥራው በግንቦት ይጀመር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። ተማሪዎችንም እናሳትፍ። የድስቱን ክዳን በክፍል አሳይቶ ወደ ዕቃ ቤቱ የወሰዳቸው መምህር፣ ሳይንሱንም አስተማረ፣ ዶማውንም አዳነ።