የምድር የደኅንነት ወሰኖችና የመዲናዋ አጎራባች ከተሞች

ልማት ከተፈጥሮ የመሸከም አቅም በላይ ሲሄድ ጉዳቱ ተመልሶ ልማቱን ራሱን ያዳክማል። ይህንኑ በመለኪያ ለማስቀመጥ በዮሐን ሮክስትሮም የተመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 የሰው ልጅ ሳይሻገራቸው በደኅንነት ሊለማ የሚችልባቸውን ዘጠኝ ወሰኖች ይፋ አድርገዋል። የአየር ንብረት፣ የብዝኃ ሕይወት፣ የመሬት አጠቃቀም፣ ጨዋማ ያልሆነ ውሃና ሰው ሠራሽ ኬሚካሎች ከእነዚሁ መካከል ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ግምገማ ስድስቱ፣ በ2025 ደግሞ የውቅያኖስ አሲዳማነት ተጨምሮ ሰባቱ መታለፋቸው ተመልክቷል።

ወሰኖቹ የሚለኩት በዓለም ደረጃ ቢሆንም የሚታለፉት በየአካባቢው በሚሰጡ ውሳኔዎች ነው። ለዚህም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተካተቱት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ጥሩ ማሳያ ናቸው።

ሦስቱም በተፋሰስ ራስጌ ላይ ይገኛሉ። ከቡራዩ አጠገብ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ቆይቷል። የሰበታ አካባቢ ውሃ ወደ አዋሽ፣ ከእንጦጦ ማዶ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ደግሞ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይፈስሳል። በመሆኑም በከተሞቹ የሚለቀቅ ፍሳሽ የሚጎዳው ነዋሪዎቻቸውን ብቻ ሳይሆን ከታች ያለውን አርሶ አደርና ከብቱን ጭምር ነው።

የእርሻና የግጦሽ መሬት በቤትና በፋብሪካ ሲተካ ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ዝናብ በላይ ይፈስሳል። ይህም በክረምት ጎርፍን ያባብሳል፣ በበጋ ደግሞ የምንጭና የጉድጓድ ውሃን ይቀንሳል። በአንጻሩ የውሃ ፍላጎት ከሕዝቡና ከፋብሪካዎቹ ቁጥር ጋር ይጨምራል።

በ1995 ዓ.ም. የወጡት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ይህን ለመከላከል የታሰቡ ናቸው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ለብቻው ሲመዘን ጉዳቱ አነስተኛ መስሎ ይታያል። ወሰን የሚታለፈው ግን በአንድ ፈቃድ ሳይሆን በፈቃዶች ድምር ነው። ስለሆነም አዲስ ፈቃድ የሚሰጥ አካል ተፋሰሱ ቀድሞ የተሸከመውን ጫና ማወቅ ይኖርበታል።

የሕዝቡ ድምፅም ሊዘነጋ አይገባም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ በአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ዝግጅትና አፈጻጸም ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን በተነሣበት ሕዝባዊ ተቃውሞ ምክንያት በ2008 ዓ.ም. መሠረዙም፣ አርሶ አደሩ ያልመከረበት ዕቅድ የትም እንደማይደርስ አሳይቷል።