የጎደለው ቦታ በማን ይሞላል? ከኤንኤፍኤል የልምምድ ቡድን እስከ ዋልያዎቹ

ጄኔቫ ላይ የኤንኤፍኤል እሑድ የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ማታ 1 ሰዓት ነው። ቦስተንና ዋሽንግተን ያላችሁት ምሳ በልታችሁ ስትቀመጡ እኛ እራት እያቀረብን ነው። አብረውኝ ከሚያዩት መካከል አንድ ጡረታ የወጡ ሰው አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አገር ቤት ሳሉ ዕድሜያቸውን የጊዮርጊስ ደጋፊ ሆነው የኖሩ ናቸው። የአሜሪካ ፉትቦል ሕግ ብዙም አይገባቸውም (ኳስ በእጅ ታቅፎ መሮጥ «ፉትቦል» መባሉን እስካሁን ይቅር አላሉም)፤ አንድ ነገር ግን ከማናችንም በፊት አስተውለዋል። «ባለፈው ሳምንት ያልነበረ ልጅ ዛሬ ገብቶ ይጫወታል። ይሄን ደግሞ ከየት አመጡት?»

ለእሳቸው በየእሑዱ ቆርጬ ቆርጬ ያስረዳሁትን እዚህ አንድ ላይ ልጻፈው። ነገሩ የአሜሪካኖች ብቻ አይደለም። የእኛም ብሔራዊ ቡድን በዚሁ በዝርዝር አያያዝ ጉዳይ ሦስት ነጥብ ያጣ ሲሆን፣ ውሳኔውም የወጣው እዚሁ ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ካለ ጽሕፈት ቤት ነው። የእኛን አቆጣጠር ካልጠቀስኩ በቀር ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

አንድ የኤንኤፍኤል ቡድን በበጋው ልምምድ እስከ 90 ተጫዋች ይይዛል። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ዝርዝሩ ወደ 53 ይወርዳል። ከ53ቱም ሁሉም አይሰለፉም፤ በጨዋታው ዕለት ማልያ ለብሰው የሚቀርቡት 48 ናቸው፤ ያውም ከእነዚህ ቢያንስ 8ቱ በማጥቃት መስመሩ ላይ የሚቆሙት ግዙፎች ከሆኑ ነው፤ አለዚያ 47። ከ53ቱ ሌላ ደግሞ 16 ሰው የሚይዝ የልምምድ ቡድን አለ። እነዚህ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ ከዋናዎቹ ጋር ይሠራሉ፣ የመጪውን ተጋጣሚ አጨዋወት አስመስለው ዋናዎቹን ያለማምዳሉ፣ እሑድ ሲደርስ ግን ተመልካች ይሆናሉ።

ጋሼ የሚያዩት አዲስ ፊት ብዙ ጊዜ ከእነዚህ 16 አንዱ ነው። ቡድኑ ለአንድ ጨዋታ እስከ ሁለት ሰው ከልምምድ ቡድኑ ማውጣት ይችላል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። አንዱን ተጫዋች በዚህ መንገድ በአንድ የውድድር ዘመን መጠቀም የሚቻለው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ለአራተኛ ጊዜ የሚፈልገው ቡድን ከ53ቱ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ግድ ይሆናል፤ ቦታ ለመስጠት ደግሞ ሌላ ሰው መሰናበት አለበት። ሌላ ቡድንም መጥቶ ከልምምድ ቡድናችሁ ተጫዋች ሊወስድባችሁ ይችላል፤ የሚወስደው ግን ለራሱ 53 እንጂ ለራሱ የልምምድ ቡድን አይደለም። ይህ ሕግ ደስ ይለኛል፤ ልጁን እንዲሁ ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው መጋዘን ማዛወር አይቻልም።

ተጫዋች ክፉኛ ሲጎዳ በተጎጂዎች መዝገብ ይገባል፤ ቦታውም ለሌላ ይለቀቃል። ቢያንስ አራት ጨዋታ ሳያመልጠው መመለስ አይችልም፤ አንድ ቡድንም በዓመት ከዚያ መዝገብ መመለስ የሚችለው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ሦስት ሳምንት» ሲል የቡድኑ ሰዎች ቁጭ ብለው ይሰላሉ፦ ሦስት ሳምንት ባዶ ቦታ እንሸከም ወይስ አራት ሳምንት ከነአካቴው እንጣው? የተሰናበተ ወጣት ተጫዋችም ወዲያው ነጻ አይወጣም፤ መጀመሪያ ሌሎች ቡድኖች ይጠየቃሉ፤ ሁለት ቡድን ከፈለገው ውጤቱ የደከመው ይወስደዋል። ቡድን የሌላቸው ደግሞ ስልክ እየጠበቁ በየጂሙ ይሠራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ ይጠሩና ተፈትነው ይመለሳሉ።

ይህ ሁሉ ሥርዓት እያለ እንኳ ማንም ሊሞላው የማይችለው ቦታ አለ። በአሜሪካ ፉትቦል እሱ ኳርተርባክ ነው፤ ኳሱን የሚወረውረው፣ ጨዋታውን የሚመራው። በኅዳር 29፣ 2020 የዴንቨር ብሮንኮስ ኳርተርባኮች በሙሉ በኮቪድ ምክንያት ከጨዋታ ውጭ ሆኑ፤ አንዱ ተይዞ፣ ሌሎቹ ከእሱ ጋር ተቀራርበው። ቡድኑ ከልምምድ ቡድኑ ኬንዳል ሂንተን የሚባል ኳስ ተቀባይ አወጣ፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ኳርተርባክ ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ወርውሮ አንዱ ብቻ ለሰው ደረሰ፤ 31 ለ 3 ተሸነፉ። እኔ ግን ለዚያ ልጅ ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ አንድ ቀን ብቻ ተነግሮት ከኒው ኦርሊንስ ፊት ለመቆም ልብ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ታሪክ ጥር 29፣ 2023 የሆነው ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ፊላዴልፊያ ላይ ለሱፐር ቦውል ለማለፍ ይጫወታል። ብሮክ ፐርዲ ገና በመጀመሪያው ሩብ ክርኑን ተጎዳ። የተካው ጆሽ ጆንሰን ከዕረፍት በኋላ ጭንቅላቱን ተመቶ ወጣ። ሦስተኛ ሰው አልነበረም። ፐርዲ መወርወር በማይችል ክንድ ተመልሶ ገባ፤ 31 ለ 7 ተሸነፉ። በዚያው ዓመት ግንቦት ሊጉ ሕጉን ቀየረ፦ ሁለቱ ሲጎዱ ብቻ የሚገባ ሦስተኛ ኳርተርባክ ከ48ቱ ሳይቆጠር ማልያ ለብሶ እንዲቀመጥ ተፈቀደ። የኤንኤፍኤል ሕግ ብዙው እንዲህ ነው የተጻፈው፤ አንድ ቡድን ሲዋረድ።

ቀኑን ልብ በሉልኝ። ከዚያ በፊት ልክ በአሥር ዓመቱ፣ ጥር 29፣ 2013፣ በእኛ ጥር 21 ቀን 2005፣ አስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ሩስተንበርግ ላይ ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ ትጫወት ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ የተገኘ የአፍሪካ ዋንጫ ነው። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው 23 ሰው ይዘው ሄደዋል፤ ከእነዚህ ሦስቱ ግብ ጠባቂዎች፦ ጀማል ጣሰው፣ ዘሪሁን ታደለና ሲሳይ ባንጫ። ጀማል በመጀመሪያው ጨዋታ በዛምቢያ ላይ ገና ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዘሪሁን ገባ፤ አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ተለያየን። በሦስተኛው ጨዋታ፣ ከናይጄሪያ ጋር፣ በረኛው ሲሳይ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ወጣ፤ ፍጹም ቅጣት ምትም ተሰጠ። ሦስቱም ቅያሪ አልቋል። ጓንቱን ያጠለቀው የመሐል ሜዳው አዲስ ሕንጻ ነው። ቪክተር ሞሰስ አገባበት፤ 2 ለ 0። ጋሼ ያንን ጨዋታ ከአዲስ አበባ ነው ያዩት፤ የኬንዳል ሂንተንን ታሪክ ስነግራቸው ወዲያው «አዲስ ሕንጻ በለው» አሉኝ።

ያኛው የዕድል ጉዳይ ነው ሊባል ይችላል። በዚያው ዓመት ሰኔ የሆነው ግን የጽሕፈት ሥራ ጉዳይ ነው።

ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ በሚደረገው ማጣሪያ ምንያህል ተሾመ በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ አይቶ ነበር። በሕጉ መሠረት ቀጣዩን ጨዋታ መቅረት ነበረበት። ቀጣዩ ጨዋታ ሰኔ 8፣ 2013 ቦትስዋና ላይ ነበር፤ ምንያህል ተሰለፈ፤ ኢትዮጵያም 2 ለ 1 አሸነፈች። ከስምንት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ስታዲየሙም ከተማውም ጨፈረ። ሒሳቡ ግልጽ ነበር፦ እኛ 13፣ ደቡብ አፍሪካ 8፣ የቀረው አንድ ጨዋታ። አለፍን ተባለ። በዚያው ቀን ፊፋ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። የቦትስዋናው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረ፣ 6,000 የስዊስ ፍራንክ ቅጣትም ተጨመረ፤ ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። 13 የነበረው 10 ሆነ፤ መስከረም ላይ ብራዛቪል ሄደን መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 እስክናሸንፍ ድረስ ማለፋችን አልተረጋገጠም። ከዚያ በኋላ ናይጄሪያ በደርሶ መልስ አስቀረችን።

ፊፋ ከ1932 ጀምሮ ዙሪክ ነው ያለው። የዛሬው ዋና መሥሪያ ቤት ኮረብታው ላይ ከአራዊት መጠበቂያው አጠገብ ነው፤ በ6 ቁጥር ትራም መጨረሻው ፌርማታ ድረስ መሄድ ነው። ከጄኔቫ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ አንድ ጊዜ ከውጭ አይቼዋለሁ። ሰው ያን ጊዜ ተጫዋቹን ሲወቅስ እሰማ ነበር፤ እኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ተጫዋች አሰልጣኙ ሲያሰልፈው ይጫወታል፤ የካርድ መዝገብ የሚይዘው የቢሮ ሰው ነው። ፊፋም ከጨዋታው በፊት ደውሎ «ይህ ልጅ ቅጣት አለበት» ብሎ አያስታውስም፤ መቁጠር የፌዴሬሽኑ ፋንታ ነው፤ ቅጣቱ የሚመጣው ከጨዋታው በኋላ ነው።

ዝርዝሩን በአግባቡ መያዝ አንድ ነገር ነው። ማንን መጻፍ ይፈቀዳል የሚለው ደግሞ ሌላ ነው፤ እኛን በውጭ ያለነውን የሚነካውም እዚህ ላይ ነው።

በእኛ በአማተሮቹ ዘንድ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። የጄኔቫ ልጆች ዙሪክ ካሉት ጋር ለመጫወት 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል በባቡር እንሄዳለን፤ ስም የምመዘግበው እኔ ነኝ። ዓርብ 14 ሰው «እመጣለሁ» ይላል፤ ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያው ላይ 9 እንገኛለን፤ አንዱ ሆስፒታል ተረኛ ነው፣ አንዱ ሆቴል ቤት ተጠርቷል። ዙሪኮች ሁለት ሰው ያበድሩንና ጨዋታው ይጀመራል። የተበደርነው ልጅ በራሱ ቡድን ላይ ሲያገባ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው።

የስዊዝ ፕሮፌሽናል ቡድኖች ግን የሚጠይቁት የት እንዳደግህ ነው። በበረዶ ሆኪ ሊጋቸው ከ2022/23 ጀምሮ አንድ ቡድን ለአንድ ጨዋታ 6 የውጭ አገር ተጫዋቾች ማሰለፍ ይችላል፤ የጄኔቫው ሰርቬትም የዙሪኩ ዜድኤስሲም የሚያቅዱት ይህን ቁጥር ይዘው ነው። ዙሪኮች ከሥራቸው ጂሲኬ ላይንስ የሚባል በሁለተኛው ሊግ የሚጫወት ቡድን አላቸው፤ ዋናው ቡድን ሰው ሲጎድልበት ወጣቱን ከዚያ ይጠራል። የኤንኤፍኤልን የልምምድ ቡድን ያስታውሳችኋል፤ ልዩነቱ እነዚህ ልጆች ዓመቱን ሙሉ እውነተኛ ጨዋታ መጫወታቸው ነው፤ ለእኔ ይሄኛው ይሻላል።

ብሔራዊ ቡድን ሲሆን ጥያቄው የፓስፖርት ይሆናል። ስዊዘርላንድ ከ1992 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ትፈቅዳለች። ስለዚህ ጄኔቫ ተወልዶ በሰርቬት ያደገው ዴኒስ ዛካሪያ፣ በዙሪክ ካንቶን ያደገውና አባቱ ናይጄሪያዊ የሆነው ማኑዌል አካንጂ የስዊዝን ክፍተት ሲሞሉ የወላጆቻቸውን አገር እንዲክዱ የጠየቃቸው የስዊዝ ሕግ የለም። ኢትዮጵያም ከውጭ ያደጉ ልጆችን ሞክራለች፤ በ2013ቱ 23 ውስጥ ድሬዳዋ ተወልዶ ሚኒሶታ ያደገው ፉአድ ኢብራሂምና ከስዊድን የመጣው ዩሱፍ ሳላህ ነበሩበት። ግን መንገዱ ጠባብ ነው። ፊፋ አገሩን ለሚወክል ተጫዋች የዚያን አገር ዜግነት ይጠይቃል፤ የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (በእኛ አቆጣጠር) ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ብዙዎቻችን የያዝነው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ለሥራና ለንብረት ይጠቅማል፤ ዜግነት ግን አይደለም። እሱንም «ቢጫ ካርድ» ነው የምንለው፤ ሜዳ ላይ እንደሚታየው ሁሉ ያስጠነቅቃል እንጂ አያሰልፍም።

አንድ ክፍት መስኮት አለ፤ ወላጆች ብዙ ጊዜ አያውቁትም። በአዋጁ መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። በውጭ በመወለዱ ወይም በሌላው ወላጁ ምክንያት ሌላ ዜግነት በልደት ቢያገኝም፣ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ የአንድ ዓመት ጊዜ አለው፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚጠብቅ ካላስታወቀ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ መመለስ የሚፈልግ አገር ቤት ገብቶ መኖርና የውጭ ዜግነቱን መተው አለበት። በፊፋ በኩል ያለው ሕግ ከዚህ የላላ ነው። ለስዊዝ ወጣት ቡድን የተጫወተ ልጅ በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ዜግነትም ከነበረው አንድ ጊዜ መቀየር ይችላል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ 21 ዓመት ሳይሞላው በዋናው ቡድን ከሦስት ያልበለጠ ጨዋታ ያደረገ ተጫዋች ሦስት ዓመት ቆይቶ መቀየር ይፈቀድለታል፤ የዓለም ዋንጫን ወይም የአህጉር ዋንጫን ዋና ውድድር ካልተጫወተ ነው ታዲያ።

ስለዚህ እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ ስዊሳዊ የሆነ የ16 ዓመት የጄኔቫ በረኛ ዛሬ ለዋልያዎቹ ሊጻፍ ይችላል። የስዊዝ ፓስፖርቱን እንደያዘ 19 ዓመት ከሞላው ግን ብቃቱ ምንም ቢሆን፣ የቡድኑ ጸሐፊ ስሙን ከመጻፉ በፊት የዜግነቱን ወረቀት ማየት አለበት፤ ዙሪክ የሚጠየቀውም እሱ ነው።