ከወንበር የተሠራ በር

በዲሴምበር 1877 ንግሥት ቪክቶሪያ ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን ቤንጃሚን ዲዝሬሊን ገጠር ቤቱ ድረስ ሄደው ሊጠይቁት ተነሡ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) መንገዳቸው ሃይ ዊኮም በምትባል ከተማ ያልፋል። ሃይ ዊኮም ያኔ የወንበር ከተማ ነበረች፤ በዙሪያዋ ካለው ደን እንጨት እየተቆረጠ፣ እየተጠረበ፣ ወንበር እየሆነ ወደ መላው እንግሊዝ ይጫናል። ታዲያ እንግዳዋን በምን ትቀበል? ያላትን አወጣች። ወንበር በወንበር ላይ ደርድራ ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ዓምድ አቆመች፣ ከላይም በወንበር አጋጠመችው። ንግሥቲቱ በወንበር ቅስት ሥር አለፉ።

የዚህን ቅስት ፎቶ ካየሁ ወዲህ የእሱን ቢጤ ሳድን ነው የከረምኩት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ንጉሥ ሲያልፍ፣ ጦር ሲመለስ፣ የምሥረታ በዓል ሲከበር ለጥቂት ቀን ብቻ የሚቆም ቅስት ያልሠራ ከተማ ማግኘት ይከብዳል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የእንጨት አጽም ይቆማል። በላዩ ሸራ ይወጠርና ሠዓሊ መጥቶ ድንጋይ አስመስሎ ይቀባዋል፤ የድንጋዩን መጋጠሚያ መስመር እንኳ አይረሳም። ገንዘብ ያጠራት ከተማ አጽሙን በጥድ ቅርንጫፍና በባንዲራ ትሸፍነዋለች፤ የተረፋት ደግሞ የጀሶ ሐውልት ታስቀምጥበታለች። ለማታው በስስ ጨርቅ ላይ ሥዕል ተሥሎ ከኋላው መብራት ይለኮስለታል። የሠርግ ዳስ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

እኔን የሳበኝ ግን ውበቱ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ አያምሩም። የሳበኝ ሠሪው ማን እንደሆነ ነው። የድንጋይ የድል በር የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት ነው፤ ዓመታት ይፈጃል፣ በየደረጃው ይፈቀዳል፣ ይታረማል። የሸራና የቅጠል ቅስት ግን ሳንቃና መዶሻ ያለው ሁሉ ያቆመዋል፦ ወንበር ሠሪው፣ ጣውላ ነጋዴው፣ የሰፈር ማኅበሩ። ስለዚህ ከተማዋ ከይፋዊው ንግግር ውጭ የምትለውን የምትለው እዚያ ላይ ነው። አንዳንዴ የምትለው እንግዳውን መልሶ እስከ መስደድ ይደርሳል።

በ1860 የሆነው ይኸው ነው። የቪክቶሪያ የበኩር ልጅ አልበርት ኤድዋርድ በ18 ዓመቱ ካናዳን ሊጎበኝ ሄደ። በየከተማው ቅስት ይጠብቀዋል። ኦታዋ ውስጥ የጣውላ ሠራተኞች ሳንቃ በሳንቃ ላይ ደርድረው የሠሩለት ቅስት አንድም ምስማር አልነበረበትም ተብሎ ተጽፏል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ግን መርከቡ ወደ ኪንግስተን ተቃረበ።

ኪንግስተን ውስጥ የኦሬንጅ ማኅበር ጠንካራ ነበር። ይህ ከአየርላንድ የመጣ የፕሮቴስታንቶች ማኅበር ነው፤ ስሙን የወሰደው በ1690 ቦይን ወንዝ ላይ የካቶሊኩን ንጉሥ ጄምስን ድል ካደረገው ከኦሬንጁ ዊልያም ነው። አባላቱ ለልዑሉ ቅስት አቁመው በማኅበራቸው ምልክቶች አሸበረቁት፤ የማኅበሩን ልብስ ለብሰውም ሊቀበሉት ተዘጋጁ። እነሱ ከዚህ የበለጠ ታማኝነት የለም ባይ ናቸው። የልዑሉ ጉዞ ኃላፊ የኒውካስል መስፍን ግን ሌላ ስሌት ነበረው። እንዲህ ያለ የጎራ ሰልፍ አየርላንድ ውስጥ ያኔ በሕግ የተከለከለ ነበር። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ካቶሊኩ ብዙ ነው፤ ልዑሉም የመጣው ከካቶሊኮቹ ከኩቤክ በኩል ነው። የንግሥቲቱ ልጅ በዚያ ቅስት ሥር ካለፈ፣ ዘውዱ በአንዱ ጎራ ላይ እጁን ጫነ ማለት ነው።

መስፍኑ ምልክቶቹ ካልተነሡ ልዑሉ ከመርከብ አይወርድም አለ። ማኅበርተኞቹ አናነሣም አሉ። መርከቡ ወደቡ ፊት ለፊት ቆመ፤ ሕዝቡ ዳር ላይ፣ ልዑሉ ውኃ ላይ። ቆይታው ወደ 22 ሰዓት ተጠጋ። በመጨረሻ መርከቡ ልዑሉን ሳያወርድ መልሕቁን ነቅሎ ሄደ። ቀጥሎ ያለችው ቤልቪልም ተመሳሳይ ነገር ስለጠበቀው አለፋት። የኪንግስተን የፓርላማ ተመራጭ ጆን ኤ. ማክዶናልድ፣ ያ በኋላ የካናዳ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሰው፣ የመረጡትን ሰዎች ቁጣ ለማብረድ ብዙ ደከመ። ቶሮንቶ ላይ ነገሩ በስምምነት ያለቀ መስሎ ነበር፤ ሰልፉ ሲያልፍ ግን የዊልያም ሥዕል ከነፈረሱ ቅስቱ ላይ ተገኘ። መስፍኑ ከንቲባውን ጠርቶ ገሠጸው፣ ከንቲባውም ይቅርታ ጠየቀ። ይህን ሁሉ ያመጣው ጥቂት እንጨት፣ ሸራና ቀለም ነው!

ወደ ሌላው ጥቅሙ ልለፍ። ጊዜያዊ ቅስት የቋሚው መለኪያ ልብስም ነበር። ዛሬ ፓሪስ ላይ የምናየው የናፖሊዮን የድል በር የመሠረት ድንጋዩ በ1806 ተጣለ፤ ናፖሊዮን በ1810 አዲሷን ሚስቱን ማሪ ሉዊዝን ይዞ ሲገባ ግን ገና ከመሬት ብዙም አልተነሣም ነበር። መሐንዲሱ ሻልግረን በእንጨትና በተቀባ ሸራ ሙሉ መጠኑን አቁሞ ሙሽሮቹን በሥሩ አሳለፈ፤ በዚያውም ሕንፃው ሲያልቅ ምን እንደሚመስል አየ። መልካም አደረገ፤ በማግስቱ ዓመት ሞተ፣ የድንጋዩ በር ያለቀው በ1836 ነው። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥም በ1814 ናፖሊዮንን አሸንፎ ለተመለሰው ጦር ከእንጨት የቆመው የናርቫ በር ሲበሰብስ፣ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዓመታት በቋሚ ተተካ።

ኒውዮርክ ሁለቱንም ዕጣ አይታለች። በ1889 የጆርጅ ዋሽንግተን በዓለ ሢመት 100ኛ ዓመት ሲከበር፣ በአምስተኛው ጎዳና ላይ የአካባቢው ነዋሪዎች 2,765 ዶላር አዋጥተው በስታንፎርድ ዋይት ንድፍ የእንጨትና የጀሶ ቅስት አቆሙ። ሰው ወደደው፤ ይፍረስ ማለት አልቻለም። ገንዘብ ተዋጥቶ እዚያው አጠገብ፣ ዋሽንግተን ስኩዌር ላይ፣ 23 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የእብነ በረድ ቅስት ተሠራ። ዛሬም አለ።

ከ10 ዓመት በኋላ ተራው የአድሚራል ጆርጅ ዱዊ ሆነ። በ1898 ማኒላ ወሽመጥ ላይ የስፔይንን መርከቦች ያወደመ ጀግና ነው። ለአቀባበሉ ማዲሰን ስኩዌር ላይ፣ ሮም ያለውን የቲቶን ቅስት አብነት ያደረገ ቅስት ቆመ። ንድፉ የቻርልስ ላም ነው፤ ሐውልቶቹን የአገሪቱ ስመ ጥር ቀራጮች ተከፋፍለው ሠሩ፣ አናቱ ላይ የባሕር ፈረሶች መርከብ ይስቡ ነበር። ይህ ሁሉ ግን ከቃጫ ጋር ከተለወሰ ጀሶ ነው። ሰልፉ በሴፕቴምበር 30, 1899 በሥሩ አለፈ፣ ማታም በኤሌክትሪክ አምፖል አበራ። ወዲያው «በእብነ በረድ እንሥራው» ተባለና መዋጮ ተጀመረ።

ጀሶ ግን ብርድና ዝናብ አይችልም፤ የጀግና ስምም እንደዚያው ሆነ። ሕዝቡ አዋጥቶ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ቤት ገዝቶለት ነበር፤ ዱዊ ቤቱን ወደ አዲሷ ሚስቱ ስም አዛወረውና አዋጪው ተቆጣ። በ1900 ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ ሲል ደግሞ ተሳቀበት። መዋጮው ቆመ፣ ቅስቱ እየተላጠ ከርሞ ፈረሰ፣ ትልልቆቹ ሐውልቶች ለኤግዚቢሽን ወደ ቻርልስተን ተጫኑ። በእኔ ግምት ከሁለቱ የተሻለ የሠራው ይህኛው ነው፤ ኒውዮርክ ሐሳቧን እስክትቀይር ድረስ በጀሶ ታግሷታል። ቸኩላ እብነ በረድ ብታደርገው ኖሮ እስከዛሬ በመኪና ስትዞረው ነበር።

ወደ እኛ የሚቀርበው ነገር በ1902 ነው። ያ ከኪንግስተን ሳይወርድ የሄደው ልዑል በመጨረሻ ኤድዋርድ ሰባተኛ ተብሎ ለንደን ላይ ሲነግሥ፣ ካናዳ ኋይትሆል ጎዳና ላይ በስንዴ የተሸፈነ ትልቅ ቅስት አቆመች፤ ዓላማው ግልጽ ነው፣ መሬት አለን፣ ኑና እረሱ ነው። ለዚያ በዓል ከተጠሩት እንግዶች አንዱ የእኛው ራስ መኮንን ነበሩ። ልጃቸው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ አዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይም ጊዜያዊ ቅስቶች ቆመው ነበር።

የዱዊን ቅስት ፎቶዎች የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኟቸዋላችሁ፤ የሃይ ዊኮሙን የወንበር ቅስትም በቀላሉ ፈልጋችሁ ማየት ትችላላችሁ። የ1923 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቅስቶች የሚታዩበት ፎቶ በአያቶቹ አልበም ውስጥ ያለው ሰው ካለ፣ በውስጥ መስመር ይላክልኝ፤ ቦታውን አብረን እንለየዋለን።