ታጣፊ ምላጭ ለጀማሪ

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲና አያት ባሉ ፀጉር ቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት የገባ ሰው ይህን ሥርዓት ደጋግሞ ያያል። ባለሙያው በቶንዶሱ ሠርቶ ሲጨርስ በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ምላጭ ያወጣል፤ ደንበኛው እያየ ከነወረቀቱ ለሁለት ይሰብረውና ግማሹን ታጣፊው እጀታ ውስጥ ይከታል። ከዚያ የግንባሩን መስመር፣ የጆሮውን ዙሪያና ማጅራቱን ያስተካክላል፤ ደንበኛው ፂሙንም የሚላጭ ከሆነ በዚያው እጀታ ይቀጥላል። ይህ መሣሪያ በብዙ ወንዶች አንገት ላይ ዘወትር ያልፋል፤ በገዛ እጃቸው ግን ይዘውት አያውቁም። ለመያዝ ለሚፈልጉት አስቀድሜ የምለው፣ ታጣፊ ምላጭ እንደ እኛ ለሚጠቀለል ፂም ጥሩ መሣሪያ መሆኑን ነው። ጥሩ የሚሆነው ግን እጅ ከተማረ በኋላ ነው። ያልተማረ እጅ የያዘው እንደሆነ ከርካሹ የፕላስቲክ መላጫ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነት ታጣፊዎች አሉ። ፀጉር ቤት የምናየው ባዶ እጀታ ነው፤ ስለቱ ለብቻው ይገዛል፣ አንድ ሰው ከተላጨበት በኋላ ይጣላል። የዋናው ታጣፊ ምላጭ ስለት ግን የራሱ ነው፣ አይነቀልም። ከአንድ ወጥ ብረት ይሠራል፤ ጀርባው ወፍራም ነው፣ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ጎድጉደዋል፣ ከኋላው ትንሿ ጣት የምታርፍበት ጭራ አለው። ሲታጠፍም ስለቱ በሁለት የቀንድ፣ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ልባሶች መካከል ይሸሸጋል። ጀርባው የወፈረው በምክንያት ነው። ምላጩ ድንጋይ ላይ ሲሳል ጀርባውና ስለቱ እኩል ስለሚተኙ ማዕዘኑ ምን ጊዜም አይዛነፍም። የእንግሊዟ ሼፊልድና የጀርመኗ ዞሊንገን በዓለም ስማቸው የታወቀው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። በደንብ የተያዘ ምላጭ ከአባት ለልጅ ይተርፋል።

ስለት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በአዋሽ ዳር የሚገኙት መልካ ቁንጡሬና ባልጩት፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በዚያ አካባቢ ሰው ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ መስታወት ለመሣሪያነት መቅረጽ የጀመረው ከአንድ ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት ነው። የዚህ ድንጋይ ትኩስ ስብራት ከብረት ስለት የቀጠነ ጠርዝ ያወጣል። በጋሞ፣ በኮንሶና በጉራጌ ያሉ ቆዳ ፋቂዎችም የድንጋይ መፋቂያን እስከ ዘመናችን ድረስ ሲሠሩበት ቆይተዋል።

በሌላው ዓለም ታጣፊው ምላጭ ከየቤቱ የወጣው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የሚጣል ስለት ይዞ በመጣ ጊዜ ነው። የእሱ ኩባንያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን፣ ሽያጭ በጀመረበት በ1903 የሸጠው 51 መላጫ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ከ90 ሺህ በላይ ሸጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ታጣፊው ምላጭ በአብዛኛው የባለሙያው ዕቃ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ብዙ ወንዶች ከተላጩ በጥቂት ቀን ውስጥ አንገታቸውና አገጫቸው ላይ ብጉር የመሰለ እብጠት ይወጣባቸዋል፤ ያሳክካል፣ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል። ጥፋቱን ሁሉ በምላጩ ንጽሕና ማሳበብ የተለመደ ነው። ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ የፂሙ ጠባይ ነው። የሚጠቀለል ፂም ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ ሲያድግም ታጥፎ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ይባስ ብሎ ቆዳው በኃይል ተወጥሮ ከተላጨ፣ ወይም ከፂሙ አቅጣጫ በተቃራኒ ከተላጨ፣ ፀጉሩ ከቆዳው በታች ይቆረጥና ገና ሳይወጣ ከውስጥ ጎኑን ይበሳል። ሰውነት እንደ እሾህ ስለሚቆጥረው ያብጣል። ይህ ሕመም ፀጉሩ በሚጠቀለል ሕዝብ ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፤ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ጥቁር ወታደሮች በዚሁ ምክንያት ላለመላጨት የሐኪም ፈቃድ ሲጠይቁ ኖረዋል።

ሦስትና አምስት ስለት የተደረደረባቸው ዘመናዊ መላጫዎች ለእኛ ፂም የማይስማሙትም ለዚህ ነው። የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ሲስበው የኋለኛው ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። ፊት ለጊዜው ይለሰልሳል፣ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ግን እብጠቱ ይመጣል። ባለ አንድ ስለቱ ታጣፊ ምላጭ እንዲህ አይስብም። እሱም ቢሆን የራሱ ችግር አለው፦ ያልተወጠረ ቆዳ ላይ ይሰናከላል፣ ከመጠን በላይ የተወጠረ ቆዳ ደግሞ ያንኑ እብጠት ይጋብዛል። እንግዲህ ለእኛ ጥበቡ መሐሉን ማግኘት ነው። ቆዳው እንዳይጨማደድ ያህል ብቻ ይያዛል፣ ምላጩ ፂሙ በሚተኛበት አቅጣጫ አንድ ጊዜ ያልፋል፣ በዚያው ይበቃል። በውጭ አገር መማሪያዎች የሚመከረው ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር፣ በተለይ ወደ ላይ የሚላጨው፣ ፀጉሩ ቀጥ ላለ ሰው የተባለ ነው። እጅ ሲዳብሰው ትንሽ የሚሻክር ፊት ለእኛ የተሳካ መላጨት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ያለ ምላጭ ነው። ፂም ለሁለትና ለሦስት ቀን ይተውና በጣት እየተዳበሰ ወዴት እንደሚተኛ ይጠናል። ጉንጭ ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ነው፤ አንገት ላይ ግን ወደ ጎንም፣ ወደ ላይም፣ በአንድ ሰው አንገት ላይ በግራና በቀኝ ተለያይቶም ሊበቅል ይችላል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው የዘወትሩ ፀጉር አስተካካይ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ይጠይቁት። አያያዙን፣ የክንዱን አቀማመጥ፣ በየት ጀምሮ በየት እንደሚጨርስ ቢያሳይዎት ከብዙ ንባብ ይበልጣል።

ለመጀመር እንደ ፀጉር ቤቱ ያለ እጀታና አንድ ፓኬት ምላጭ ይበቃል፤ መሳል አያስፈልገውም። ነገር ግን ቀላልና እጅግ የሰላ ስለሆነ ስህተትን አያልፍም። አያያዙ እንዲህ ነው፦ ሦስት ጣቶች የምላጩ አንገት ላይ ይተኛሉ፣ ትንሿ ጣት ጭራው ላይ፣ አውራ ጣት ከስር። ስለቱ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ገደማ ይይዛል። ከዚያ በላይ ሲቆም ይቆርጣል፣ ከዚያ በታች ሲተኛ ፀጉሩን ይነጫል። ምላጩ ምን ጊዜም ወደ ስለቱ ፊት ይሄዳል እንጂ ወደ ጎን ፈጽሞ አይንሸራተትም፤ ጥልቅ ቁስል የሚመጣው በጎን እንቅስቃሴ ነው። ግፊት አያስፈልግም። እጅ መግፋት ከጀመረ ወይ ምላጩ ደንዝዟል፣ ወይ አረፋው ደርቋል።

አረፋውን ማንም አይናቀው። ከሻወር ወጥቶ ወይም ትኩስ ፎጣ ፊት ላይ ለጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚላጭ ሰው ፀጉሩ ውሃ ጠጥቶ ይለሰልስለታል። የልብስ ሳሙና ቆዳ ያደርቃል፤ የፂም ክሬም ወይም የፂም ሳሙና በብሩሽ ተመትቶ ይቀባ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ደግሞ ፊቱን አረፋ ከመቀባቱ በፊት የሞላ ጆግ አጠገቡ ያስቀምጥ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጆሮ በታች ያለው ጉንጭ ብቻ ይበቃል፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ይቅር ይላል። አገጭ፣ ከከንፈር በላይ ያለውና ማንቁርት ለኋላ ይቆዩ፤ እስከዚያ በለመዱት መላጫ ይጨርሱ። ቆዳውን የሚይዘው እጅ ደረቅ ይሁን። ለሐዘን 40 ቀን ፂሙን ያሳደገ ሰው አስቀድሞ በቶንዶስ ያሳጥረው፤ ረጅም ፀጉር ምላጩን ይይዘዋል። ሙሽራ ደግሞ በሠርጉ ጠዋት ልምምድ አይጀምር። ምላጩ ከእጅ ካመለጠ ይውደቅ፣ ለመቅለብ እጅ አይሰንዘር። በር ይዘጋ፣ ልጆች አይግቡ።

ከተላጩ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ያሳርፋል፣ ለትንሽ ጭረት ሻብ የሚባለው ነጭ ድንጋይ ደም ያቆማል። አልኮል ከሚገባው በላይ ተወዷል፤ ማቃጠሉ የፈውስ ምልክት ተደርጎ ይታያል እንጂ ቆዳውን ከማድረቅ አልፎ ለእብጠቱ መፍትሔ አይሆንም።

ለወራት በእጀታው ሠርቶ የተካነ ሰው ወደ ዋናው ምላጭ ቢሻገር አይቆጭም። ክብደቱ እጅ ያረጋጋል፣ ስለቱም ቆዳ ላይ ለስላሳ ነው። ግን አገልግሎት ይጠይቃል። ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ለስላሳ የተለፋ ቆዳ ላይ፣ ጀርባው ቀድሞ ስለቱ እየተከተለ፣ 30 ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ይታሻል። ስለቱ ከቀደመ ቆዳውን ይቆርጠዋል፣ ራሱም ይበላሻል። በየጥቂት ወሩ ደግሞ በጣም ደቃቅ በሆነ የመሳያ ድንጋይ ይሳላል። በበዓል ሰሞን ቢላ ለሚስሉ ሰዎች ግን አይሰጥ፤ የሞተሩ ድንጋይ በግለቱ የስለቱን ጥንካሬ ይገድለዋል። ብዙዎቹ ምላጮች የሚዝግ ብረት ስለሆኑ በክረምት በተለይ ደርቀው፣ ስስ ዘይት ተቀብተው ይቀመጡ። ከውጭ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ ምላጩን በሚጫነው ሻንጣ ያድርገው፤ በእጅ ሻንጣ ይዞ ወደ አውሮፕላን መግባት አይፈቀድም።

እብጠቱ እየጠና ከሄደ ምላጩን ለሦስትና ለአራት ሳምንት አስቀምጦ ፂሙን በቶንዶስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ ማሳጠር ይሻላል። ጠባሳው እያበጠ የሚያድግበት ሰው ግን የቆዳ ሐኪም ሳያማክር አይቀጥል። አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ደም ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለሰባት ቀን ሕይወት ይኖረዋል፤ ለመተላለፍም በዓይን የማይታይ ደም ይበቃዋል። ምላጩን በሙቅ ውሃ ማለቅለቅ አያጠፋውም። ስለዚህ ፀጉር ቤት ሲገቡ አዲሱ ምላጭ ፊትዎ እንዲከፈት ይጠይቁ፣ ባለሙያው ቅር አይለውም። የቤትዎን ምላጭ ደግሞ ለወንድምዎም ቢሆን አያውሱ።