ስለ ስፖርት አውቶሞቢል አያያዝና ማሻሻል፤ ለባለንብረትና ለመለዋወጫ ነጋዴ

በልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ማለዳ የሚያልፍ ሰው፣ በሕንጻዎቹ መካከል ከቆሙት የቤተሰብ አውቶሞቢሎች ጋራ አልፎ አልፎ ዝቅ ተደርጋ የተሠራች የስፖርት አውቶሞቢል ሸራ ለብሳ ያያል። ነገሩ የወጣቶች ቅንጦት ነውና ንግድን አይመለከትም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሆነ ሆኖ ጉዳዩ እኛንም በብርቱ የሚመለከት ነው።

እንደሚታወቀው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ በአሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ስለዚህ በእጅ ያለውን አውቶሞቢል ጠብቆ ማቆየት ሌላ ከመግዛት ይቀድማል። ባለንብረቱም በመለዋወጫ መደብር ደጃፍ የሚያወጣው ገንዘብ ከቀድሞው ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ሆኗል።

የስፖርት አውቶሞቢል የገዛ ሰው አስቀድሞ የሚመኘው ኃይል መጨመርን ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ኃይል አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ የበለጠውን እዚህ ያጣል። ይህ የከፍታው ጠባይ እንጂ የሞተሩ ሕመም አይደለም። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በብዛት ያካክሳል፤ ነገር ግን ቱርቦው ይበልጥ ይሽከረከራል፣ ይበልጥም ይግላል። ስለዚህ ፋብሪካው ያዘዘውን ዐይነት ዘይት በወቅቱ መለወጥ ግዴታ ነው። ይህን ሳያሟሉ የሞተሩን ኮምፒውተር አስለውጦ ግፊት መጨመር፣ ለደከመ በቅሎ ጭነት እንደ መጨመር ይቆጠራል።

ሁለተኛው ነገር ማቀዝቀዣው ነው። በአዲስ አበባ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በዚሁ ሙቀት አካባቢ ነው የሚሠራው። የራዲያተሩ ውሃ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት አምቆ ስለሚይዝና ከፋብሪካው የታዘዘው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ስለሚጨመርበት ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ብዙ ብር የወጣበት ሞተር በትንሽ ዕቃ ምክንያት ይበላሻል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ፍሬን ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው። ዶት 4 የተባለው ዐይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ሊቆይ ይገባዋል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን የሚጠበቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም ሲረገጥ ይኮማተራልና ፔዳሉ ባዶ ይሰጥማል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይገባል።

አንድ ወጣት ጎረቤታችን አስቀድሞ ሰፋፊ ቸርኬና አጫጭር ሞላ አስገባ፤ ፍሬኑን ግን ለኋላ አቆየ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ነውና፣ ፔዳሉ ሰጠመበት። በዝቅተኛ ማርሽ አግቶ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆመ። ኋላ ሲጠየቅ፣ ከጥቂት ቀን በፊት ያስጨመረው ዘይት ከተከፈተ ጀሪካን በመስፈሪያ የተቀዳ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ በተንኮል አልሠራም፤ የዘይቱን ጠባይ ባለማወቁ ነው። እኔም የምሠራበት መደብር ከዚያ በፊት እንዲሁ ይሸጥ እንደ ነበረ ሳልደብቅ እናገራለሁ። ከዚያ ወዲህ በታሸገ ጠርሙስ ብቻ እንሸጣለን።

ባለንብረቱ ማሻሻል ከፈለገ እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። አንደኛ ጎማ፤ ሁለተኛ የፍሬን ሸራና ዘይት፤ ሦስተኛ ማቀዝቀዣ፤ የሞተር ኃይል በመጨረሻ። አውቶሞቢሉን ይበልጥ ዝቅ ማድረግ ግን በመንገዶቻችን ጉብታ ላይ የዘይት ቋቱን ከማስፈንከት በቀር ጥቅሙ ጥቂት ነው።

ነጋዴውም በበኩሉ የሚከተለውን ያስተውል። በጎማ ጎን ላይ አራት አኀዝ ተጽፎ ይገኛል፤ ለምሳሌ 3523 ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ዓመት በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጎማን በፀሐይ ላይ መደርደር ዕድሜውን ያሳጥራል። እንዲሁም በአንድ ስም የሚጠራ አውቶሞቢል የስፖርቱ ዐይነት ፍሬን ከተራው ይለያልና፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ወርዶ በግምት ከመግዛት 17 ፊደላትና አኀዞች ያሉትን የሻንሲ ቁጥር አቅርቦ ማዘዝ ይበጃል። ቁጥሩን በመዝገብ የሚይዝ መደብር የተመለሰ ዕቃ አይበዛበትም።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አውቶሞቢሎችም ቢሆኑ ጎማና የፍሬን ዘይት ያሻቸዋልና፣ ይህ ዕውቀት የሚያረጅ አይደለም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ በጠርሙስ ዋጋ የሚከለከለውን ጥፋት በሰው ሕይወት እስኪከፈል መጠበቅ አይገባንም።