ቡሪና የበረዶው ምድረ በዳ

ዐባይ በካርቱም ከነጭ ዐባይ ጋራ ከመቀላቀሉ ጥቂት ቀደም ብሎ በግራ ዳርቻው ቡሪ የሚባለውን ሠፈር ያገኛል። በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በከተማዪቱ ጦርነት ከመነሣቱ በፊት ከአገራችን የሄዱ ሰዎችም ይኖሩበት ነበር። በግንቦት ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ እዚያ የተቀመጠ ሰው ስለ ደቡብ ዋልታ ቢያስብ፣ ቅዝቃዜና ውሃ የሞላበት አገር አድርጎ ሳይመኘው አይቀርም። በቅዝቃዜው አልተሳሳተም፤ የሶቪየት ኅብረት ሰዎች ባቋቋሙት፣ ቮስቶክ በሚባለው የጥናት ጣቢያ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ተመዝግቧል። በውሃው ነገር ግን ተሳስቷል። በካርቱም በዓመት ከ100 ሚሊሜትር በላይ ዝናም ሲዘንም፣ በቮስቶክ የሚወርደው አመዳይ ቢቀልጥ 50 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም።

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን፣ በረዶ የምንለው ከዝናም ጋራ ጠጥሮ የሚወርደውንም፣ ረግቶ የደረቀውንም ውሃ ነው፤ አመዳይ ግን እንደ ባዘቶ ነጥቶ የሚወርደው ነው። የስሜን ሰዎች ያውቁታል።

እጅግ የቀዘቀዘ አየር ብዙ እንፋሎት ሊይዝ አይችልም፤ ድርቁ ከዚህ የመጣ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ በረዶ ከየት ተከማቸ ቢሉ፣ የወረደው ጥቂቱ ስለማይቀልጥ ነው። አንዱ በሌላው ላይ እየተጫነ፣ በመቶ ሺህ በሚቈጠሩ ዓመታት ተቈልሎ፣ በአንዳንድ ስፍራ ውፍረቱ ከ4,700 ሜትር አልፏል፤ ራስ ዳሸን ከባሕር ወለል ተነሥቶ ያን ያህል በረዶ ቢከመርበት ጫፉ አይታይም ነበር። ፀሐይም በዋልታው ስድስት ወር ያህል ሳትጠልቅ ትቈያለች፤ ነገር ግን ጨረሯ አግድም ስለሚመጣ፣ ነጩም አመዳይ ከዐሥር እጅ ስምንቱን ያህል ወደ ሰማይ ስለሚመልሰው፣ ምድሪቱን አታሞቅም። የቡሪ ሰው ቢያያት ፀሐይ ብሎ የሚጠራት አይመስለንም።

በሰሜን ዋልታ ያለው በረዶ በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ስለ ሆነ ቢቀልጥም የባሕሩን ከፍታ እምብዛም አይጨምረውም። የደቡቡ ግን በየብስ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ሁሉም ቢቀልጥ ባሕሩን 58 ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። በእኛ ዘመን ሁሉም ይቀልጣል ማለታችን አይደለም። ይሁን እንጂ በተለይ በምዕራቡ ወገን ያለው ዳርቻ እየሳሳ መሄዱ ተረጋግጧል። ዐባይ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ጠርጎ ያወረደው አፈር በቡሪ በኩል አልፎ፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ በግብጽ የባሕር ዳር ሰፊውን የእርሻ ሜዳ ሠርቷል። ሜዳው ዝቅተኛ ስለ ሆነ፣ ባሕሩ ከፍ ባለ መጠን ጨዋማው ውሃ ከሥር እየገባ እርሻውን ያበላሸዋል።