ብጉሩን ያመጣው ቡናው ነው?

ፊቱ ላይ ብጉር የወጣ ወጣት በአብዛኛው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ቡና ቀንስ» የሚል ነው። ብጉር የሚወጣው ቆዳ ቅባት ሲያበዛ፣ ቀዳዳው ሲደፈንና ባክቴሪያ ሲራባበት ነው፤ ከጀርባው ሆርሞንና ዘር አሉ። ከምግብ በኩል በጥናት ደጋግሞ ስሙ የሚነሳው ቶሎ ወደ ደም የሚገባ ስኳርና ስታርች ነው፤ ወተትም በመጠኑ ይጠረጠራል። እነዚህ ኢንሱሊንን ከፍ ያደርጋሉ፤ እሱም የቅባት ዕጢዎችን የሚቀሰቅሱ ሆርሞኖችን ያነሳሳል። ከጀበና የተቀዳ ቡና ለብቻው ግን ስኳርም ወተትም የለውም።

እንግዲያው ረከቦቱን ጠጋ ብለን እንየው። ስኒዋ ትንሽ ስለሆነች የሚጨመርባትም ስኳር ትንሽ ይመስላል። በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚጨምር ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሲነሳ ስድስት ማንኪያ፣ ማለትም 24 ግራም ገደማ ስኳር ጠጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው «ከዚህ ቢያንስ ይመረጣል» የሚለው የቀን መጠን ደግሞ 25 ግራም ገደማ ነው። የቡና ቁርሱ ነጭ ዳቦ ከሆነ ስታርቹ ይደረብበታል፤ በማኪያቶ ደግሞ ወተቱ አለ። ይህን ሁሉ አግበስብሶ «ቡና ፊቴን አበላሸው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ቡና ስተው ለቀቀኝ» የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል፤ ግን ቡናውን የተወ ሰው ስኳሩንም አብሮ ትቷል፣ ብጉርም በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ይሄዳል። ካፌይን ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል የሚለው ክርክር ጠንከር ይላል፤ ሆኖም አዘውትሮ በሚጠጣ ሰው ላይ ጭማሪው እየደከመ ይሄዳል። ማታ ጠጥቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ያኔ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። ደግሞ ፊት ቀልቶ የሚቆጣበትን ሮዜሺያ የተባለ ሕመም በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ከ82 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ነርሶችን የተከታተለ ጥናት ካፌይን ያለው ቡና አዘውትረው የሚጠጡት በሕመሙ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ቡና መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ የቡናን አተላ በተቆጣ ብጉር ላይ የሚፈትጉትማ ቆዳቸውን ከመላጥ በቀር የሚያተርፉት የለም።

መፈተን የፈለገ ቡናውን ሳይነካ ስኳሩንና ወተቱን ብቻ ያንሳ፤ በየገጠሩ በጨው የሚጠጣው ስንት ነው! ብጉር ከቆዳ ሥር ቀስ ብሎ ስለሚበስል ሳምንት ጠብቆ መፍረድ አይቻልም፤ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል።